አያታችን ተቀምጠውበት ስለተሸጠው ወንበር

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ከማስገባቴ በፊት ግን የምናዘዛት አንዲት ትንሽ ኃጢአት አለችብኝ። እኔ ታናሽ እህትሽ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ይህ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ የአያታችንን ወንበር ሸጫለሁ። ወንበሩ በተሸጠበት ሰዓት አያታችን ተቀምጠውበት ነበር። ቃሌን በገዛ ፈቃዴ ሰጥቻለሁ። አሁን ሰላምታው ይግባ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚጎብጠው ወገብሽስ? ዓይንሽስ? በስልክ ሁልጊዜ “በልቻለሁ” ትያለሽ፤ እውነት ትበያለሽ ወይስ ለእማዬ ማስተኛ ነው? ብርድ ካለ ደርቢ፣ ሙቀት ከሆነ አውልቂ፤ ይህን ያለችው እማዬ ናት፣ እኔ እንኳ ያለ ምክር ልብስ መልበስ እንደምትችዪ አምናለሁ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበት የሚያመው ጉልበቱን፣ ጥርስ የሚያመው ጥርሱን እያመመው፣ ሁሉም በየድርሻው ደህና ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። በዚህ ቤት ስልክ የማኅበር ዕቃ መሆኑን ረስተሽው ካልሆነ በቀር፣ አንቺ ስትደውዪ አባዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ጠረጴዛው መሀል ያስቀምጥሻል። እማዬ የሚሰማውን ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ታናሽ ወንድማችን ምስማር፣ አሁንም እንደ ቅጽል ስሙ ቀጥ ያለ ቀጭን ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። በዚያ መሀል ሚስጥር ማውራት በአደባባይ እንደ መታጠብ ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። የሰፈራችን የፋርማሲስቷ ወንድም ነገ ወደ አንቺ ዘንድ ይበራል፤ ሳይከፍተው ሊያደርስልኝ ምሏል። ከፍቶት ከመጣ ከአፉ ታውቂበታለሽ፤ ሳቅ መያዝ አይችልም።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አንቺ ነሽ። “የአባዬን የእንጨት ሥራ ኢንተርኔት ላይ እናስተዋውቅ፤ ገጹን እኔ እሠራዋለሁ፣ አንቺ ፊዱን ሙዪ ብቻ” አልሽኝ። ያቺ “ብቻ” የምትባል ቃል ስንት ሰው እንዳስለቀሰች አሁን ገባኝ። ፊድ ማለት የዕቃዎቻችን ዝርዝር የሰፈረበት ሠንጠረዥ ነው፤ ማስታወቂያ የሚያሳየው ድርጅት በየቀኑ መጥቶ ያነበዋል፣ ከዚያ ላይ ስሙን፣ ፎቶውንና ዋጋውን ወስዶ ወንበር ለሚፈልግ ሰው ወንበር ያሳያል ብለሽ አስረዳሽኝ። እኔም ለቤተሰቡ “ማሽኑን በየቀኑ እንደ መመገብ ነው” ብዬ ተረጎምኩላቸው። አያታችን ከወንበራቸው ሳይነሱ “ከብቱ ሳይኖር መኖው ተገኘ” አሉ።

ቀልድ የሚመስለው ነገር ግን ከበስተጀርባው እውነት ነበረው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ትልቁ የቤት ዕቃ መደብር አባዬን ለሥራ እንደጠራው ታውቂያለሽ። ሥራው ከካርቶን የሚወጣ ወንበር በብሎን መገጣጠም ነው፤ ቢጫ ኮፍያም አለው። እስከዚህ ወር መጨረሻ መልስህን አሳውቀን ብለውታል። አባዬም ደህና ትእዛዝ ካልመጣ የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘግቼ ኮፍያዬን አደርጋለሁ አለ። እማዬ “ቢጫ እኮ ይሄድብሃል” ብላ ልታጽናናው ሞከረች፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ሳትልጥ አለቀሰች። ይህን በስልክ አልነገረችሽም፤ እኔም እንደነገርኩሽ አትንገሪያት።

እንግዲህ ሠንጠረዡን ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዓምድ የዕቃው ስም ነው። አንቺ “የእንጨት አልጋ፣ ቡናማ፣ ለአንድ ሰው” ዓይነት አጭርና ግልጽ ይሁን ብለሻል። አባዬ ግን ስም ማውጣት የአባት ሥራ ነው ብሎ ጎኔ ተሰየመ። አልጋውን “ባልና ሚስት አስታራቂ” አለው። ቁም ሳጥኑን “ሚስጥር ጠባቂ” አለው። የጫማ መደርደሪያውን “ሥርዓት አስተማሪ” ብሎ ሲሰይመው ማሽኑ ከልጆች መማሪያ መጻሕፍት ተርታ መደበው፤ ሦስት መምህራንም ከፍተው አይተውታል። እማዬ በትከሻችን ላይ አጮልቃ “አስታራቂ” የሚለውን ስታነብ “እስኪ አንተ መጀመሪያ ከአባትህ ጋር ታረቅ” ብላ አለፈች። አባዬ ወደሚቀጥለው ዕቃ ዞረ። እኔ ስሞቹን ሁሉ እሱ ሲተኛ ቀየርኳቸው።

ዋጋው ደግሞ ሌላ ጉድ አፈላ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ዕቃ አንድ ዋጋ ጠርቶ አያውቅም። “ሰውየውን ሳላየው ምን ብዬ ልጥራ?” አለኝ። እሱ መጀመሪያ ጫማውን ያያል፣ ቀጥሎ ሚስቱን አስከትሎ እንደሆነ ያያል፣ ከዚያ ይጠራል፤ ደንበኛው ደረቱን ይይዛል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሁለቱም ተጎዳሁ ተባብለው በደስታ ይለያያሉ። እኔ ሠንጠረዡ ላይ አንዱን ዋጋ ጻፍኩ። እሱ ደግሞ አንቺ በሰጠሽው የይለፍ ቃል ገጹ ላይ ገብቶ ለክርክር የሚሆን ጭማሪ አስቀመጠበት። የሠንጠረዡና የገጹ ዋጋ ስላልገጠመ ድርጅቱ ዕቃዎቹን በሙሉ በቀይ ቀለም መለሰብን። አባዬ ቀዩን ሲያይ ፊቱ በራ። “በይ መከራከር ጀመሩ ማለት ነው፤ ትንሽ ቀንሽላቸውና እስኪ ምን እንደሚሉ እንይ” አለኝ። ማሽን መሆኑን ላስረዳው አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ “ማሽን ከሆነማ ይሉኝታ የለውም” ብሎ ጭማሪውን አነሳ።

ለፎቶው ጀርባው ነጭ ይሁን ብለሽ ነበር። የእማዬን አንሶላ ወጠርን፤ ምስማር ከኋላ ቆሞ ያዘልን። አንሶላው አጠረና አሥሩ የእግር ጣቶቹ ከጠረጴዛው ሥር ተሰልፈው ታዩ። አንድ ሰው “ልጁ ከጠረጴዛው ጋር አብሮ ነው የሚሸጠው?” ብሎ ጽፎ ጠየቀ። እማዬ ጠባዩን አስባ መልሱን ትንሽ አዘገየችው።

ዋናው መዘዝ የመጣው ግን “አለ” ወይም “የለም” ተብሎ ከሚሞላው ዓምድ ነው። እንጨት ቤቱ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አራት ብቻ ነበር። አባዬ “አራት ዕቃ ያለው ሱቅ የሚለቀቅ ቤት ይመስላል” አለና ወደ መኖሪያ ቤታችን ገባን። የምንበላበትን ጠረጴዛ ፎቶ አነሳን፣ የእማዬን ቁም ሳጥን አነሳን፣ የምስማርን አልጋ አነሳን። እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ በር ሲንኳኳ ሄዳ ቁም ሳጥኗ ላይ ትደገፋለች። አያታችን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም ሊሉ ወጥተው በአራት ደቂቃ ውስጥ የእሳቸውንም ወንበር አነሳን። ለማሳያ ነው፣ ትእዛዝ ሲመጣ ሌላ ይሠራል ተባለ። እኔ እነዚህን “የለም” ብዬ ልሞላ ስል አባዬ እጄን ያዘኝ። “በእኔ ሱቅ ‘የለም’ የሚባል ቃል ተነግሮ አያውቅም። ሰው ሲጠይቅ አለ ነው የሚባለው፤ ከዚያ ሮጠሽ ትሠሪያለሽ” አለ። አዲስ ወይስ ያገለገለ የሚለውን ስጠይቀው ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር “አዲስ በይው፤ ለማያውቀው ሰው አዲስ ነው” አለኝ። አያታችን ሲመለሱ የሰሙት “አለ፣ አለ” የሚለውን ብቻ ነበርና “ላም አለኝ በሰማይ” ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የራሳቸው ወንበር ከሰማይ ላሞቹ አንዷ መሆኗን ማን ይንገራቸው።

ያ ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ፤ ትእዛዝ መጣ። ስድስት ወንበር። ፎቶው ላይ እንዳለው፣ ያው ራሱ፣ ስድስት። ቀና ብዬ ሳይ ወንበሩ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ አያታችንን ይዞ ያንኮራፋል።

ያዘዘችው የጥርስ ሐኪም ናት፤ ወጣት ናት፣ አዲስ ክሊኒክ ልትከፍት ነው። ሐሙስ ዕቃውን በዓይኔ ልይ ብላ መጣች። በር ላይ እንደደረሰች ጣቷን ወደ አያታችን ቀስራ “ፎቶው ላይ ያለው ይሄ ነው?” አለች። አያታችን እሳቸውን የጠቆመች መሰላቸው። “ልጄ፣ የእኔ ፎቶ ምን ያደርግልሻል?” አሏት። እሷም በትሕትና “ይነሱልኝና ልቀመጥበት” አለች። አያታችን ለእንግዳ የማይነሱ ሰው አይደሉምና ተነሱላት። ተቀመጠች። ወደ ግራ ገፋችው፣ ወደ ቀኝ ገፋችው፣ የኋላ መደገፊያውን በጀርባዋ ታገለችው። ወንበሩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። “የእኔ ታካሚዎች እየተንቀጠቀጡ ነው የሚቀመጡት፤ ወንበሩም አብሮ ከተንቀጠቀጠ ማን ያስታምመናል” አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች። “ምስማር የለበትም አይደል?” ስትል ወንድማችን ከጓዳ “አቤት” አለ። የድሮ ወንበሮቿ ምስማር የሰው ልብስ እየቀደደ አስቸግሯት ኖሯል። “ትክክል እንደዚህ ስድስት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ። ከወደድኩት ለጓደኞቼ ክሊኒኮችም አዛለሁ። አላችሁ?” አለች። አባዬ ከልማዱ “አለ” አለ።

ሐኪሟ ስትወጣ አያታችን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ወደ አባዬ አላዩም። ወደ እኔ ዞረው “ለአባትሽ ንገሪው፤ የታለ?” አሉ።

ይህን የመልእክተኝነት ሹመት ጥለሽልኝ የሄድሽው አንቺ ነሽ። አባዬ የኤሌክትሪክ መጋዙንና የምስማር መምቻውን የገዛ ዕለት አያታችን “እንጨትን በብረት የሚወጋ ጠላቱ ነው፤ እንጨት የሚጋጠመው ጥርስ ለጥርስ ነው” ብለው ሽርጣቸውን ሰቅለው ከእንጨት ቤቱ ወጡ። አባዬም “እንጨት አይከሰኝም” ብሎ መለሰላቸው። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ስለ ምግብ ይነጋገራሉ፣ ስለ ዝናብ ይነጋገራሉ፤ ስለ ሥራ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በሰው ነው የሚላላኩት። እዚህ ላይ ተቆጪኝ አልቆጣም፤ ጠቡ ሳይበርድ የቆየው አንቺ መልእክቱን ቃል በቃል ታደርሺ ስለነበር ይመስለኛል። ሐቀኝነት ደግ ነገር ነው፤ ግን ሽማግሌዎች ባሉበት ቤት በልክ ነው።

አባዬ ያን ወንበር መሥራት አይችልም። ያወቅነው ሲሞክር ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ሠራ። የመጀመሪያው ላይ ምስማር ሲቀመጥበት እንደ ግመል ተንበረከከ። ሁለተኛው ቆመ፤ ግን ሰው ሲያልፍ የሚያጎነብስ ዓይነት ትሑት ነበር። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሁላችንም ተደስተን ሳለ ማንም ሳይነካው ኪው ብሎ ተሰነጠቀ። አያታችን በገዛ እጃቸው የሠሩት ወንበር መጋጠሚያ ጥርሶች ከውስጥ ናቸው፤ ከውጭ መስመር እንኳ አይታይም። አባዬ በሜትር ለካው፣ በባትሪ አበራበት፣ እንደ ሐኪም ጆሮውን ለጥፎ አንኳኳው። ምንም አልነገረውም። ያ ሰሞን የመደብሩ ሰውዬ ቢጫውን ኮፍያ ይዞ መጥቶ “ልኩን እንይ” ብሎ ነበር። አባዬ ሳይሞክረው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

እሑድ ከምሳ በኋላ አያታችን ጋደም ሲሉ አባዬ መዶሻና መሮ ይዞ ወንበሩ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ሊከፍተው ነው። ከተከፈተ ደግሞ እንደማይመለስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ብዙ ቆመ። መሮውን ያስጠጋል፣ ይመልሳል። በእሱ መሳቅ ብለምድም ያን ጊዜስ አሳዘነኝ። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳያይ “ሂጂና ንገሪያቸው፤ ወንበሩን ልከፍተው ነው፣ መልሼ እገጥመዋለሁ በያቸው” አለኝ።

እታለም፣ ሁለተኛው ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው፤ ይቺ ግን ትንሽ አይደለችም። አያታችን መኝታ ቤት ገባሁ፣ ግርጌያቸው ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንዲህ አልኳቸው፦ “አባባ፣ አባዬ አልቻልኩም እያለ ነው። እንደ ልጅነቴ እጄን ይዘው ያሳዩኝ ብሎ ለመነዎት።” አያታችን ከትራሳቸው ቀና አሉ። “ያ ግትር እንዲህ አለ?” አሉ። “እንዲህ አለ” አልኩ። ቀጥለውም “ንገሪው፤ መጋዝ እንደ ዱላ የሚይዝ ሰው ጥርስ አያወጣም። ነገ ጠዋት እገባለሁ፣ ግን እንዳያናግረኝ” አሉ። እኔ ሄጄ ለአባዬ “እጅህ ከድሮም ጥሩ ነው፣ የጎደለህ ትንሽ ማየት ብቻ ነው ብለዋል፤ ነገ ጠዋት ይመጣሉ” አልኩት። አባዬ መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። “እጅህ ጥሩ ነው አሉ?” ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ አሉ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት አያታችን የሰቀሉትን ሽርጥ አውርደው፣ አቧራውን አራግፈው ገቡ። የኤሌክትሪክ መጋዙን አይተው በጎኑ ዞረው አለፉ፤ የማይወዱት ዘመድ ቤት እንደ ገባ ሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይሠራሉ፣ እኔ መሀል ቆሜ እተረጉማለሁ። አያታችን “ንገሪው፤ ይህን የቆረጠው በዓይኑ ነው በክርኑ?” ይላሉ። እኔ “ትንሽ ጠበብ ይበል ብለዋል” እላለሁ። አባዬ “ንገሪያቸው፤ የተሰጠን ሦስት ሳምንት ነው እንጂ ሦስት ዓመት አይደለም” ይላል። እኔ “ተረጋግተው ያሳዩኝ ይላል” እላለሁ። ሁለቱም ጆሯቸው ደህና ነው፣ ክፍሉም አምስት እርምጃ ነው፤ መጋዙ ስለሚጮህ ግን የሚሰሙት የእኔን ብቻ ነው። ሲያቆሙት እርስ በርስ እንዳይሰሙ እኔ እስላለሁ። ጉንፋን አይደለም፣ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልንገርሽ። የአያታችን እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ብሷል። ስለዚህ እሳቸው በእርሳስ ያሰምራሉ፣ አባዬ ይቆርጣል። መስመሩ ይወላገዳል። አባዬ የተወላገደውን መስመር ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል እንጂ አንድ ቀን “ተወላግዷል” ብሎ አልላከኝም። አያታችንም ቀጥ ብሎ ሲመጣላቸው በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ያሳልፉታል። በዚህ ጊዜ እኔ የምተረጉመው ነገር የለኝም።

አምስቱ ወንበሮች አልቀዋል። ሐኪሟ ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። ስድስተኛው ዛሬ ይጋጠማል፤ እግሮቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የሚገቡት፣ አንዱ ከቀደመ ሌላው ይሰነጠቃል። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ይዘው ይቆማሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ የሚቆጥርላቸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው አሁን ጭንቅ የያዘኝ፤ ሥራው ሲያልቅ የእኔም ጉድ ይወጣል። አያታችን ትናንት “ሁሉም ሲያበቃ ልመናውን በገዛ አፉ እንዲደግምልኝ እፈልጋለሁ” አሉኝ። አባዬ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ “ሲያመሰግኑኝ እስኪ በጆሮዬ ልስማው” አለኝ። ምን ላድርግ? አንቺ ትልቅ ነሽ። እሑድ ስትደውዪ ምናልባት ይጠይቁሽ ይሆናል፤ እባክሽ “እኔም በስልክ ሰምቻለሁ” በይልኝ። ሐቀኛ መሆንሽን ሁሉም ስለሚያውቅ አንድ ውሸት ብትዋሺ ለአሥር ዓመት ይበቃናል።

አሁን ሠንጠረዡን አስተካክዬ እመጣለሁ ብዬ ከጣውላው ክምር ጀርባ ገብቼ ነው የምጽፍልሽ። ሠንጠረዡን አልነካሁትም። ሰላምታዬን ልጨርስ። እማዬ ጉንጭሽን ሁለቱንም ትስማለች፣ ቁም ሳጥኗን ከዝርዝሩ አውጥቼላት ካልሆነ እራት እንደማልበላም ትነግርሻለች። ምስማር ጣቶቹ በዓለም ላይ እንደታዩ ንገሪያት ብሎኛል፤ በጣም ኮርቶበታል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ደህና ነው፣ አያታችን ስለማይመጡበት ብቻውን እያወራ ይሰፋል። አባዬ ሰላም ይልሻል፣ ከሥራ ብዛት ከስቷል ግን ያፏጫል። አያታችንም

ቆይ። መጋዙ ቆመ። እኔ አልሳልኩም።

አንድ ሰው እየቆጠረ ነው። አያታችን ናቸው። “አንድ” አሉ። “ሁለት” ያለው አባዬ ነው። ሦስትን ሁለቱም አሉት፤ ከዚያ አንድ ደረቅ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፣ ጥብቅ ያለ፣ ሳይሰነጠቅ የገባ እንጨት ድምፅ። ገባ ማለት ነው። ስድስተኛው ገባ።

አሁን አያታችን እየተናገሩ ነው፣ ለአባዬ፣ በቀጥታ። “ያን ዕለት እንደ ልጅነትህ ስትለምነኝ ጊዜ ሆዴ ራራ” አሉት። አባዬ “እኔ?” አለ። “አንተ እንጂ” አሉ። አባዬ “እኔ ወንበሩን ልከፍተው ነው ነው ያልኩት። እርስዎ ግን እጅህ ከድሮም ጥሩ ነው ስላሉኝ” ብሎ ሳይጨርስ አያታችን “እኔ? መጋዙን እንደ ዱላ ትይዛለህ ነው ያልኩት” አሉ።

አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ድምፅ አላሰማም። ከዚያ አያታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “በእርግጥ እጅህ አሁን ደህና ነው” አሉ። አባዬ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት። ቀጥሎ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ነገር ከሁለቱም ወጣ። እግር ወደ ጣውላው ክምር እየመጣ ነው፤ የአንድ ሰው አይደለም፣ የሁለት ሰው ነው። አያታችን ምላሴ እንደ ሞረድ ይሞርዳል ብለው ያወጡልኝን ስም ታስታውሺዋለሽ፤ አባዬ ጠርቶኝ የማያውቅበትን።

አሁን ሁለቱም በአንድ አፍ “ሞረድ” አሉ።

ከእንጨት ቤቱ፣ ከጣውላው ክምር ጀርባ፤
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት